የሠላሳ ብር ጉድለት፦ በድሬዳዋ አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ የተማሪዎች የግቢ ሥራ

መነሻ

ይህ ጽሑፍ ድሬዳዋ ውስጥ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ በ2015 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የሆነውን ይመዘግባል። ኮሌጁ የትምህርት ክፍያ የከበዳቸውን ዘጠኝ የመደበኛ ተማሪዎች ላይብረሪ፣ ፎቶ ኮፒ ክፍል፣ ኮምፒውተር ላብና ሬጅስትራር ውስጥ በሰዓት ክፍያ ቀጠረ። ሐሳቡ ቀና ነበር። በመጀመሪያው ሴሚስተር መጨረሻ ግን ከዘጠኙ የስድስቱ ውጤት ወረደ፣ ሁለቱ ሥራውን ትተው ሄዱ፣ ከውዝፍ ክፍያ የዳነ አንድም አልተገኘም። በሁለተኛው ሴሚስተር ነገሩ ተቃና። ኮሌጁ ያው ነው፣ ተማሪዎቹም አብዛኞቹ ያው ናቸው፣ ወጪው እንዲያውም ቀነሰ። የተለወጠው የሥራ ሰዓቱ አቀማመጥና የክፍያው ቀን ነው። ጉዳዩ መመዝገብ ያለበትም ለዚህ ነው፤ ሌሎች ኮሌጆችም በዚያው ስህተት ሲያልፉ ይታያሉ። የኮሌጁም የተማሪዎቹም ስም አልተጠቀሰም።

ኮሌጁና ተማሪዎቹ

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ምግብና ዶርም በኮስት ሼሪንግ ይያዝለታል፣ ዕዳውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። የግል ኮሌጅ ተማሪ ግን ካፌም ዶርምም የለውም፤ ክፍያው በየወሩ በር ላይ ይጠብቀዋል። እዚህ ኮሌጅ ክፍያው በክሬዲት አወር 280 ብር ነበር። 16 ክሬዲት የወሰደ ተማሪ 4,480 ብር፣ ከ200 ብር የመመዝገቢያ ክፍያ ጋር 4,680 ብር ይሆንበታል። ይህ በአራት ተከፍሎ በየወሩ በ25 ቀን 1,170 ብር መግባት አለበት። ያሳለፈ 50 ብር ይቀጣል።

ለምሳሌ የምትቀርበው ተማሪ የሁለተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ናት። ለገሃሬ አካባቢ አክስቷ ቤት ትኖራለች። አክስቷ ምግብና ማደሪያ እንጂ የትምህርት ክፍያ ሊሸፍኑላት አቅም የላቸውም። ሥራ ከመጀመሯ በፊት አማካይ ውጤቷ 3.12 ነበር። ወደ ኮሌጁ በእግር ትሄዳለች፣ በእግር ትመለሳለች። ይህች የእግር መንገድ ቀላል ነገር ብትመስልም ኋላ ሂሳቡን ሁሉ የምትወስነው እሷ ናት።

የመጀመሪያው አሠራር

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች የቆላ ከተማ ናት፤ ቀትር ላይ ትተኛለች። ሱቁም ቢሮውም ከስድስት ሰዓት በኋላ ይዘጋና ሙቀቱ በረድ ሲል ይከፈታል። የኮሌጁ ሠራተኞችም ከ6፡00 እስከ 9፡00 ይወጣሉ። ማታ ደግሞ የማታው ክፍለ ጊዜ ተማሪዎች ከ11፡30 ጀምሮ ስለሚገቡ ሰው ያስፈልጋል። አስተዳደሩ እነዚህን ሁለት ክፍተቶች አይቶ ተማሪዎቹን እዚያው ላይ መደባቸው፦ ከ6፡00 እስከ 8፡00 እና ከ11፡30 እስከ 1፡30፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ። በቀን አራት ሰዓት፣ በሳምንት 20 ሰዓት፣ በሰዓት 15 ብር።

20 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ ቢባል ከአሜሪካ ነው። እዚያ ተማሪን በሥራ የሚደግፈው የፌዴራል ወርክ ስተዲ መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣ ሕግ የተጀመረ ነው። በተማሪ ቪዛ የገባ የውጭ ሰውም ትምህርት ባለበት ወቅት ግቢው ውስጥ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ መሥራት አይፈቀድለትም። ዕቅዱን ያወጡት ሰዎች ቁጥሩን ሲወስዱ ጣሪያ መሆኑ ተረሳና የሁሉም መደበኛ ሰዓት ሆነ። ተማሪ ሁሉ እንዲሠራ በሚገደድበትና የትምህርት ክፍያ በማይጠየቅበት በኬንታኪው ቤሪያ ኮሌጅ እንኳ ዝቅተኛው 10 ሰዓት ነው። እዚያ ደግሞ ተማሪው የሚያድረው በብዛት ግቢው ውስጥ ስለሆነ ከሥራ እስከ መኝታው ጥቂት እርምጃ ነው። የእኛዋ ተማሪ ከ1፡30 በኋላ በጨለማ ለገሃሬ መድረስ አለባት።

ሂሳቡ ሲፈታ

የመጀመሪያው ደመወዝ የተከፈለው በቀጣዩ ወር በ4 ቀን ነው። 80 ሰዓት በ15 ብር 1,200 ብር ይሆናል። በወቅቱ በነበረው የገቢ ግብር ሕግ የመጀመሪያው 600 ብር ከግብር ነፃ ነው፤ ከዚያ በላይ እስከ 1,650 ብር ባለው ላይ 10 በመቶ ይቆረጣል። ስለዚህ 60 ብር ግብር ተቆርጦ እጇ ላይ የደረሰው 1,140 ብር ነው። ክፍያዋ 1,170 ብር ነበር፤ ሠላሳ ብር ጎደለ። የመክፈያው ቀን ደግሞ ካለፈ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል፤ 50 ብር ቅጣት ተጨመረ። አንድ ወር ሙሉ ሠርታ በመጨረሻ ለዚያው ለአሠሪዋ ኮሌጅ የ80 ብር ባለዕዳ ሆነች። ኮሌጁ በ25 እየጠየቀ በ4 ይከፍላል። ሁለቱ ቀኖች በአንድ ቢሮ፣ በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ነበሩ፤ ጎን ለጎን አስቀምጦ ያያቸው ግን አልነበረም።

ከዚህ የሚብሰው የባጃጁ ነገር ነው። ከ1፡30 በኋላ በእግር መሄድ ስለማይቻል ከሁለት የሥራ ጓደኞቿ ጋር ባጃጅ በኮንትራት ትይዛለች፤ 60 ብር ለሦስት ሲካፈል በነፍስ ወከፍ 20 ብር ነው። በወር ሃያ ማታ 400 ብር።

እስቲ የማታው ፈረቃ ለብቻው ይታይ። 40 ሰዓት በ15 ብር 600 ብር ያስገኛል። የቀትሩ 600 ብር ብቻ ቢሆን ኖሮ ግብር አይነካውም ነበር፤ 60 ብሩን ያመጣው የማታው ጭማሪ ነው። 400 ብር ለባጃጅ ወጥቷል። የቀረው 140 ብር ነው፤ ለ40 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 3 ብር ከ50 ሳንቲም። አንዲት ልጅ በጨለማ አስፋልት ዳር ቆማ ባጃጅ የምትጠብቀው ለ3 ብር ከ50 መሆን የለበትም። ደመወዝ በሰዓት ስንት እንደሆነ የሚጠይቁ ብዙ ናቸው፤ ቤት ሲገባ ስንት እንደሚቀር የሚያሰላ ግን ጥቂት ነው።

የትምህርቱ ጎን

የቀትሩ ፈረቃ የወሰደው ምሳዋንና ጸጥ ያለውን የጥናት ሰዓቷን ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ከ2፡00 እስከ 6፡00 ክፍል፣ ከ6፡00 እስከ 8፡00 ሥራ፣ ከ9፡00 እስከ 11፡00 ላብ፣ ከ11፡30 እስከ 1፡30 ደግሞ እንደገና ሥራ ነበረባት። ቤት ስትደርስ ከምሽቱ 2፡00 ያልፋል። መብራት ከሌለ ቀኑ እዚያው አበቃ።

ላይብረሪ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብላ ማንበብ ትችል ነበር የሚል ክርክር ከአስተዳደሩ ተነስቷል። ክርክሩ በከፊል ልክ ነው። ማኔጅመንትን ወይም ቢዝነስ ሕግን በዚያ ዓይነት ሥራ ላይ ማንበብ ይቻላል፤ ሰው መጥቶ ቢያቋርጥ ካቆሙበት መስመር ይቀጠላል። ኮስት አካውንቲንግ ግን እንዲህ አይሆንም። የሥራ ሂደት ወጪን የሚያሰላ አንድ ጥያቄ አራት አምድ ያለው ሰንጠረዥ ይጠይቃል፤ ሦስተኛው አምድ ላይ ሳሉ አንድ ሰው መታወቂያ አስቀምጦ መጽሐፍ ቢጠይቅ ሲመለሱ ከመጀመሪያው መጀመር ነው። ተማሪዋ የወደቀችው በትክክል በዚህ ኮርስ ነው። አማካይ ውጤቷ ወደ 2.31 ወረደ፤ በኮስት አካውንቲንግ ኤፍ አገኘች። ኮርሱ ሦስት ክሬዲት ስለሆነ እንደገና ለመውሰድ 840 ብር ይጠይቃል። ይህም የስድስት ወር የማታ ፈረቃ ትርፍ ነው፤ ሴሚስተሩ ግን አራት ወር ብቻ ነበር።

ያልሠራው መፍትሔ

ቅሬታው ኅዳር ላይ ሲበዛ ፋይናንስ ክፍሉ አንድ ነገር ሞከረ፤ ደመወዙን በሙሉ ለክፍያው አስቀርቶ ለተማሪዎቹ ደረሰኝ መስጠት ጀመረ። ወረቀት ላይ ሲታይ ቆንጆ ነው፤ ቅጣቱ ቀረ። ነገር ግን ተማሪዎቹ ሠርተው አንድ ብር ሳይዙ ይመለሱ ጀመር። ምሳ የሚገዙበት፣ ባጃጅ የሚከፍሉበት ጠፋ። ሥራቸውን ከተዉት ሁለቱ የወጡት በዚህ ወቅት ነው።

ሕጉም አይፈቅደውም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ፣ ወይም ሕግ፣ ፍርድ ቤት፣ የኅብረት ስምምነት ወይም የሥራ ደንብ ካልወሰነ በቀር አሠሪ ከደመወዝ መቁረጥ አይችልም። ሲቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ተማሪ መሆን ሠራተኛ ከመሆን አያወጣም። ይህን ለአስተዳደሩ ያነሳው ከመምህራኑ አንዱ ነው፤ ጥር ላይ አሠራሩ ተሰረዘ።

የፈረቃ ሰንጠረዡ

በሴሚስተሩ እረፍት ሬጅስትራሩ፣ የፋይናንስ ኃላፊዋ፣ አንድ መምህርና ከሚሠሩት ተማሪዎች አንዱ ተቀመጡ። የሠሩት ሥራ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ የሚያልቅ ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 1፡00 እስከ ማታ 2፡00 ያለው ጊዜ በሰዓት ተከፋፍሎ 78 ሳጥን ተሠመረ። ከዚያ ሳጥኖቹ በቅደም ተከተል ተሞሉ። ሁሉ ነገር ያለው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው፦ መጀመሪያ ክፍልና ላብ፣ ቀጥሎ መንገድ፣ ቀጥሎ ምሳ፣ ቀጥሎ የማታ የቤትና የጸሎት ሰዓት፣ ቀጥሎ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ ያልተቆራረጠ የሁለት ሰዓት ጥናት። ሥራ የሚገባው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ በቀረው ባዶ ሳጥን ውስጥ ነው።

የተማሪዋ ወረቀት እንዲህ ነበር፦ ክፍልና ላብ 24፣ መንገድ 10፣ ምሳ 6፣ የማታ ሰዓት 12፣ ጥናት 10። ድምሩ 62 ነው፤ ባዶ የቀረው 16 ሳጥን። ከ16ቱ 12ቱ ለሥራ ተወሰዱ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከ9፡00 እስከ 11፡00፣ ቅዳሜ ደግሞ ከ2፡00 እስከ 5፡00 እና ከ7፡00 እስከ 10፡00። የቀሩት አራቱ የቅዳሜውን መንገድ ጨምሮ ሆን ተብሎ ባዶ ተተዉ፤ ሰው ይታመማል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ መምህር ማካካሻ ክፍል ይጠራል። በመጀመሪያው ዕቅድ ላይ እንዲህ ያለ መተንፈሻ አልነበረም።

ከሰንጠረዡ ጋር ጥቂት ደንቦች ወጡ። በሳምንት ከ12 ሰዓት በላይ የለም። ከሁለት ሰዓት ያነሰ ፈረቃ አይመደብም፤ አንድ ሰዓት ለመሥራት ከቤት መምጣት አያዋጣም። ከአራት ሰዓት የበለጠም አይኖርም። ከ11፡30 በኋላ ተማሪ አይመደብም። የቀትር ፈረቃ ላይብረሪ ውስጥ ብቻ ቀረ፤ አንድ ተማሪ በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ አይወስደውም። በሚድ ፈተና ሳምንት ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ በፋይናል ሁለት ሳምንታት ሥራ የለም።

ማታ ማን ይሠራል የሚለው ጥያቄ ወዲያው ተነሳ። መልሱ የላይብረሪዋ መዝገብ ውስጥ ነበር። የአንድ ማታ ገጽ ቢታይ ከ11፡30 በፊት ባለው ሰዓት አሥራ አራት ስም፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ስም ተጽፏል፤ ከሁለቱ አንዱ የራሷ የተማሪዋ ስም ነው፣ መጽሐፍ ተውሳ ወደ ቤት ስትሄድ። ሌሎቹ ገጾችም ከዚህ ብዙ አይለዩም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የማታ ተማሪዎች ከሥራቸው ተሯሩጠው መጥተው 11፡30 ላይ በቀጥታ ክፍል ይገባሉ፣ 2፡30 ላይ ወጥተው ወደ ቤታቸው ይከንፋሉ። ላይብረሪ የሚፈልጉት ከክፍል በፊትና ቅዳሜ ነው። ማታ የሚያስፈልገው አንድ ቋሚ ሠራተኛ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ የላይብረሪ ሠራተኛዋም አርፍዳ ገብታ ማታ ለመቆየት ተስማማች።

ክፍያው

ሰዓቱ ከ20 ወደ 12 ሲወርድ ዋጋው ከ15 ወደ 22 ብር ወጣ። 48 ሰዓት በ22 ብር 1,056 ብር፣ ግብሩ 45 ብር ከ60 ሳንቲም፣ የሚቀረው 1,010 ብር ከ40 ሳንቲም ነው። የባጃጅ ወጪ የለም። ሁለተኛው ሴሚስተር ከየካቲት እስከ ሰኔ ስለሚዘልቅ ክፍያው በአምስት ተከፈለ፦ 4,680 ለአምስት፣ በወር 936 ብር። ከክፍያው በኋላ ኪሷ ውስጥ 74 ብር ከ40 ይቀራል። ብዙ አይደለም፤ ለደብተርና ለፎቶ ኮፒ ግን ይበቃል፣ ከሁሉ በላይ ውዝፍ የለም።

ለኮሌጁስ? ቀድሞ ለዘጠኝ ተማሪ በወር 10,800 ብር ያወጣ ነበር፤ አሁን 9,504 ብር። 1,296 ብር ቀነሰ። ይህ ቁጥር ባይኖር ኖሮ የአስተዳደሩን ፈቃድ ማግኘት ይከብድ ነበር።

ደመወዝ በ25 ቀን እንዲከፈል፣ የትምህርት ክፍያው ደግሞ በ30 እንዲገባ ተደረገ። ለዚህም የሰዓት መዝገቡ በ20 መዘጋት ነበረበት፤ ከ20 በኋላ ያለው ሰዓት ወደሚቀጥለው ወር ይተላለፋል። ብሩ ለተማሪው በባንክ ሒሳቡ ወይም በቴሌብር ይገባል፣ ክፍያውን ራሱ ይከፍላል። እንዲቆረጥለት የፈለገ በጽሑፍ ይጠይቃል፤ ያም ቢሆን ከደመወዙ አንድ ሦስተኛ፣ ማለትም ከ352 ብር አይበልጥም።

አንድ የቀረ ቀዳዳ ነበር፦ የፈተናው ወር። ሁለት ሳምንት ሥራ ከሌለ 24 ሰዓት ይጠፋል። ይህ የተደፈነው በምዝገባ ወቅት ነው። የካቲት ላይ ክፍል ሳይጀመር ባሉት ሁለት ሳምንታት ሬጅስትራሩ እጅ ያጥረዋል፤ ያኔ በሳምንት 24 ሰዓት ተፈቀደ። የዚያ ወር ደመወዝ 72 ሰዓት፣ ማለትም 1,584 ብር፣ ከግብር በኋላ 1,485 ብር ከ60 ሆነ። ተማሪዋ ከዚህ ላይ የየካቲትን 936 ብርና የሰኔን ግማሽ 468 ብር አስቀድማ ከፈለች። ሰኔ ላይ 24 ሰዓት ብቻ ሠርታ 528 ብር አገኘች፤ ከ600 በታች ስለሆነ ግብር የለውም፣ የቀረውን 468 ብር ከፍላ 60 ብር ተረፋት። የሰኔ ሙቀት ለማንበብም አያስቀምጥም፣ ቢያንስ የገንዘብ ሐሳብ አልተጨመረበትም።

ፎቶ ኮፒ ክፍሉ

ተማሪ በገንዘብ ላይ ሲቀመጥ ጠብ የሚነሳው እዚህ ነው። ኅዳር ላይ አንድ ተማሪ በ86 ብር ጉድለት ተጠይቆ ከደመወዙ ከፈለ። ዋጋው በገጽ 2 ብር ስለነበር 43 ገጽ ማለት ነው። ኋላ ሲጣራ 31ዱ የተበላሹ ወረቀቶች፣ 12ቱ ደግሞ ከቢሮ የመጡ ሰዎች ሳይጻፍ ያስገለበጡት ሆኖ ተገኘ። ማሽኑ ያወጣውን ሁሉ ይቆጥራል፤ ደንበኛ የከፈለበትንና ተጨማዶ የወጣውን አይለይም። ፊትና ጀርባ የተገለበጠ አንድ ወረቀት ሁለት ተብሎ ይቆጠራል።

የተተካው አሠራር ቀላል ነው። ፈረቃ ሲጀመር የማሽኑ ቆጣሪ ይነበባል፣ ሲያልቅ ይነበባል፣ ተረካቢና አስረካቢ ይፈርማሉ። የተበላሸ ወረቀት አይጣልም፤ ካርቶን ውስጥ ይጠራቀምና ሲረካከቡ ይቆጠራል። የቢሮ ሥራ በኃላፊ ፊርማ ብቻ ይገለበጣል። ደንበኛ የከፈለበት፣ የተበላሸውና የቢሮው ተደምረው ከቆጣሪው ልዩነት ጋር መግጠም አለባቸው። የከፈላቸው 86 ብርም ለተማሪው ተመለሰ፤ መመለስም ነበረበት።

የወረቀቱ መበላሸትም የራሱ ምክንያት አለው። በድሬዳዋ ደረቅ አየር ተከፍቶ መስኮት ሥር ያደረ እሽግ ጠርዙ ይጠቀለላል፣ ወረቀቱም እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ማሽኑ ሁለት ሁለቱን ይስብና ይነክሳል። ባለ 500ው እሽግ በቁም ሳጥን እንዲቀመጥ፣ ከአንድ በላይ እንዳይከፈት፣ ማሽኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት እንዲራገፍ ተደረገ። መብራት ሲጠፋ መሐል ላይ የቀረውን ወረቀት ጎትቶ ማውጣት የለም፤ ሽፋኑ ተከፍቶ፣ ሮለሩ በእጅ ዞሮ ይወጣል። ይህን ያላወቀ ተማሪ ወረቀቱን ቀድዶ ውስጥ ያስቀራል፤ መብራት ሲመጣም ማሽኑ አይሠራም። አንድ ቀን ማሠልጠን ብዙ ያድናል።

የፈተና ወረቀት ተማሪ ባለበት አይገለበጥም። ይህ ደንብ የወጣው አንድ የሚድ ፈተና ረቂቅ በተራ ሥራ መሐል ተደባልቆ ከተገኘ በኋላ ነው፤ ያገኘችው ተማሪ ራሷ ወስዳ ለመምህሩ አስረከበች።

ሬጅስትራር ያሉት ደግሞ ከጓደኛ ልመና መጠበቅ ነበረባቸው። «አቦ፣ ግሬዴን ብቻ አይተህ ንገረኝ» የሚል ጓደኛን እንቢ ማለት ለሃያ ዓመት ልጅ ከባድ ነው። ስለዚህ ውጤት ያለበት ክፍል እንዳይገቡ፣ ፋይል መደርደርና ፎርም መቀበል ብቻ እንዲሠሩ ተደረገ። እንቢ ለማለትም «ቁልፉ የለኝም» ማለት በቂ ሆነላቸው።

ጾምና በዓል

በ2015 ዓ.ም. ረመዳን መጋቢት 14 ሲጀምር ዐቢይ ጾም ላይ ደረሰ፤ ፋሲካ ሚያዝያ 8፣ ኢድ ሚያዝያ 13 ዋለ። ከሚሠሩት ተማሪዎች ጥቂት የማይባሉት ከሁለቱ በአንዱ ጾመኛ ነበሩ። የማታው ፈረቃ ባይቀር ኖሮ ከመግሪብ ሶላት ጋር ይጋጭ ነበር። ላብ ውስጥ ወንበርና ኮምፒውተር የማንሳት ሥራ ከቀትር በፊት እንዲያልቅ ተደረገ። ለፋሲካው ሙስሊሞቹ፣ ለኢዱ ክርስቲያኖቹ ፈረቃውን ሸፈኑ፤ ይህን ያዘጋጀው ኮሌጁ ሳይሆን ተማሪዎቹ ናቸው። ኮሌጁ የጨመረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የተለዋወጡት ሰዎች ሁለቱም የሚፈርሙበት አንድ አምድ በሰዓት መዝገቡ ላይ።

ውጤቱ

የተማሪዋ የሴሚስተር ውጤት 2.94 ሆነ። ኮስት አካውንቲንግን ክረምት ላይ ደግማ ወሰደች፤ 840 ብሩን የሸፈነችው በክረምት ምዝገባ ሠርታ ነው። 3.12ቷን ግን በዚያ ዓመት አላገኘችም። አንድ የተበላሸ ሴሚስተር አማካይ ውጤት ላይ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ለሙከራ ተብሎ በተማሪ ላይ የሚጫን ሰዓት ዋጋው ይህ ነው።

ከዘጠኙ ሁለቱ ተመራቂዎች ነበሩ። የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቶች በመላ አገሪቱ የተሰጠው በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ነው፤ ለማለፍ 50 በመቶ ያስፈልጋል፣ የግል ኮሌጅ ተማሪንም ይመለከታል። ለሁለቱ ከግንቦት አጋማሽ ጀምሮ ሥራ ቆመላቸው። አንዱ አለፈ፤ ሌላው ለሚቀጥለው ዙር ተቀመጠ። ሰዓቱ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ከመጋቢት ጀምሮ፣ መቀነስ ነበረበት። መውጫ ፈተናው የአራት ዓመቱን ሁሉ ስለሚጠይቅ በአንድ ወር ንባብ የሚደረስበት አይደለም።

ሰኔ ላይ ከአንድ ተማሪ በቀር ውዝፍ ያለበት አልነበረም።

ሌላ ኮሌጅ ሊወስደው የሚችለው

ከዚህ ጉዳይ ሳይለወጥ የሚወሰደው የሰንጠረዡ ቅደም ተከተል ነው። ቢሮው የት ሰው እንደጎደለው ከመጠየቅ በፊት ተማሪው የት ሰዓት እንዳለው ይጠየቅ። ሐረርም ሆነ ሌላ ቦታ ያለ ኮሌጅ ሙቀቱ፣ የባጃጁ ዋጋና የመንገዱ ርቀት ይለይበታል። ሳጥኖቹን የመሙላት ተራ ግን ያው ነው። የሳጥኑ ወረቀት የሚሠራው ተማሪው ባለበት ነው፤ ውኃ የሚቀዳበትን፣ ታናናሾቹን ከትምህርት ቤት የሚያመጣበትን ሰዓት ሬጅስትራሩ ሊያውቅ አይችልም።

ቁጥሮቹን እንዳሉ መገልበጥ ግን ስህተት ነው። በተለይ ግብሩ፦ ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በተሻሻለው ሕግ እስከ 2,000 ብር ያለ የወር ደመወዝ ከግብር ነፃ ሆኗል። ስለዚህ እዚህ የተቆረጡት 60 እና 45 ብር ዛሬ አይቆረጡም። የክሬዲቱም የባጃጁም ዋጋ እንደዚያው ተለውጧል። እያንዳንዱን ፈረቃ ለየብቻ፣ መንገዱን ቀንሶ ማስላት ይሻላል፤ ሁለቱ ፈረቃዎች ተደምረው ቢታዩ ኖሮ የማታው 3 ብር ከ50 አይታይም ነበር።

መዝገብ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን መያዝ አለበት። የላይብረሪዋ ደብተር ባይኖር የማታው ፈረቃ አላስፈላጊ መሆኑ አይታወቅም፣ የማሽኑ ቆጣሪ ባይነበብ ኖሮም ያ ልጅ በ86 ብር ሌባ ተብሎ ይቀር ነበር።

በመጨረሻ ውዝፍ የቀረበት ተማሪ ነገር አለ። ማታ ማታ ባጃጅ ይነዳ ነበር፤ እናቱንና ሁለት ወንድሞቹን የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ለእሱ 1,010 ብር ከባጃጁ ገቢ ጋር የሚወዳደር አልነበረም፣ የግቢውን ሥራ ሲጨምርበት ደግሞ እንቅልፉ ጠፋ። በሴሚስተሩ አጋማሽ ሥራውን ተወ። ለእንዲህ ያለ ተማሪ የግቢ ሥራ አይሆንም፤ ሲቀጠርም «ከአንተ ገቢ የሚበላ ሰው አለ?» ተብሎ መጠየቅ ነበረበት። ኮሌጁ ውዝፉን በስድስት ወር ከፋፍሎ ያለ ቅጣት እንዲከፍል አደረገለትና ወደ ማታው ክፍለ ጊዜ አዛወረው። አሁን ባጃጁን ቀን ይነዳል፣ 11፡30 ላይ ክፍል ይገባል።